የሲስተር የሺ የሽምብራ ቆርቆሮ

የሲስተር የሺን ሞት የሰማሁት ከዶክተር አምሃ ነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ገና ወንበር ሳልስብ ስልኬ ጮኸ። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሻማ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ታላቅ ባለሙያና የልብ ወዳጃችንን አጣን» ይላል፤ ከዚያ የዶክተር አምሃ ስም። የልብ ወዳጅ አለ፣ አያፍርም። ባለፉት ሁለት ዓመታት እኚያ ሴትዮ በግቢው በር እንዳያልፉ ስማቸውን ጽፎ ለጥበቃዎቹ የሰጠው እሱ ነው።

«እሱ» እያልኩ የምጽፈው ተሳስቼ አይደለም። ዶክተር አምሃ አለቃዬ ነው፤ በዕድሜም አጎቴ ይሆናል፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ ዛሬም «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነሥቼዋለሁ። በስምንት ዓመት የሚበልጡትን ሴት በሰው ፊት «አንቺ» ሲል የኖረ ሰው ነውና ቢቀርበት አይጎዳም።

ሲስተር የሺ ነርስ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ በሕፃናት ክፍል ሠርተው፣ ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስታትስቲክስ ተማሩ። ማስተርሳቸውን ይዘው ዊንጌት አካባቢ ወዳለው የምርምር ቢሯችን ሲመጡም «ሲስተር» የሚለው መጠሪያ አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም እንዲለቃቸው አልፈለጉም። «ሲስተር ስትሉኝ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው አልጋ ይታየኛል» ይሉ ነበር። ቤታቸው ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ ነው። በክረምት የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምተው፣ የቢሮ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ያንን ቁልቁለት ይወርዳሉ። ሲናደዱ አይጮሁም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል፤ ውልወላው ከረዘመ ነገር እንዳለ እናውቃለን።

ጠረጴዛቸው ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር፣ ጥሬ ሽምብራ የሞላበት። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሳየው ለጾም የሚቆረጥሙት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሃያ ፍሬ ቆጥረው እጄ ላይ አደረጉና በእርሳስ አሥር ሳጥን የተሰመረበት ወረቀት ፊቴ ዘረጉ። ሳጥኖቹ ላይ አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት እያሉ ደቂቃ ጻፉባቸው።

«ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ለመያዝ ስንት ደቂቃ ትጠብቃለህ?»

«አሥር» አልኩ፤ ሃያውንም አሥር የሚለው ላይ ከመርኳቸው።

«ዝናብ ቢዘንብስ?»

«እ... ያኔማ ይቆያል።»

«ተማሪዎቹ ባንዴ ቢለቀቁስ? ረዳቱ ከተራ አስከባሪው ጋር ቢጣላስ?»

ሽምብራዬን አንድ በአንድ ወደ ቀኝ መግፋት ጀመርኩ። ሳቁብኝ። «አየህ፣ የምታውቀውም የማታውቀውም እዚህ ወረቀት ላይ መታየት አለበት። እርግጠኛ የሆንክበት ላይ ከምር፣ ያልሆንክበት ላይ በትን። አንዱንም ደብቀህ እንዳትመጣብኝ» አሉኝ።

ነገሩ ጨዋታ አልነበረም፤ የሥራችን እምብርት ነው። ቤዥያን በሚባለው ስሌት አንድ መድኃኒት ይሠራ እንደሆነ ስትፈትን ከባዶ አትነሳም። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ስለ መድኃኒቱ ምን ታምን እንደነበር በቁጥር ታስቀምጣለህ። ከዚያ በሽተኞቹ ላይ የታየው ይጨመርበታል፤ ሁለቱ ተመዝነው አዲስ እምነት ይወጣል። ያንን የመጀመሪያውን እኛ ፕራየር እንለዋለን፣ ሲስተር የሺ «ቅድመ ግምት» ይሉታል። በሽተኞቹ ብዙ ከሆኑ ቅድመ ግምቱ ቢሳሳትም ያርሙታል። ጥቂት ከሆኑ ግን ሚዛኑን የሚደፋው እሱ ነው። ስለዚህ መዋሸት የፈለገ ሰው የሚዋሸው እዚያ ላይ ነው። በሽተኛ አይነካም፣ መዝገብ አይሰርዝም፤ «መጀመሪያውኑ እንዲህ ነበር የማምነው» ይላል፣ በቃ።

ለዚህ ሲሉ ሲስተር የሺ አንድ ደንብ ነበራቸው። የእያንዳንዱ ባለሙያ ሽምብራ የት የት እንዳረፈ ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ወረቀቶቹ ፖስታ ውስጥ ገብተው ይታሸጋሉ፤ አንድም በሽተኛ ከመመዝገቡ በፊት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። «ካየ በኋላማ ማን ያልገመተ አለ» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ባለሙያ ይህንን ሁሉ ድካም አይቶ ገረመው። «ሲስተር፣ ለምን ሽምብራውን በሁሉም ሳጥን እኩል አንበትነውም? ምንም አናውቅም ብለን እንጀምር። ማንንም አናዳላም» አላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሃያ ዓመት ሕፃን ስታስታምም የኖረች ነርስ ምንም አታውቅም ልትለኝ ነው?»

«አይ፣ ማለቴ... ለትሕትና ያህል ነው።»

«ይሄ ትሕትና አይደለም፣ ንቀት ነው። የምታውቀውን ጠይቃት። ከዚያ ደግሞ ብትሳሳት መረጃው እንዲያርማት ቦታ ተውለት። ሁለቱም ይቻላል፤ ልፋት ስላለው ነው ሰው የማይወደው።»

ያጣላን ፈተና በሕፃናት የሳንባ ምች ላይ የተሠራ ነው። ከተለመደው ሕክምና ጋር አንድ ሽሮፕ ቢጨመር ሕፃናቱ ቶሎ ኦክስጅን ይነቀልላቸው እንደሆነ ለማየት። የሕፃናት ክፍሉ ትንሽ ነው፤ የሚመዘገቡት ልጆችም ጥቂት እንደሚሆኑ ከመጀመሪያው እናውቃለን። የዶክተር አምሃ ልብ ግን ሽሮፑ ላይ ቀድሞ አርፏል። በየስብሰባው «ይሄ ነገር ይሠራል፣ ታያላችሁ» ይላል። ውጭ አገር ሄዶ የሚያቀርብበት ጉባኤም ተይዞለት ነበር።

ቅድመ ግምቱን የምንሰበስብ ቀን አሥራ ሁለት ሰው ትልቁ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ በመጨረሻም እኔ፣ ዳታ ያዡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሽሮፑን ከሚወስዱ አሥር ሕፃናት ስንቱ በሦስት ቀን ውስጥ ከኦክስጅን ይላቀቃሉ? እንደ ወጉ ሲስተር የሺ ቆርቆሮውን መጀመሪያ ለአለቃ አቀረቡ። ነርስ ከአለቃ በፊት አትጠየቅም፣ ነውር ነው። ዶክተር አምሃ ሃያዋን ሽምብራ ስምንትና ዘጠኝ ላይ ቆለላት። ቀጥሎ ታላቁ ሐኪም፣ ቀጥሎ ታናሹ፣ ቀጥሎ ነርሶቹ፤ ሁሉም ስምንትና ዘጠኝ። እኔም ስምንትና ዘጠኝ። ዶክተር አምሃ ወረቀቶቹን አየና «በአንድ ልብ ነን ማለት ነው» ብሎ ደስ አለው።

በማግስቱ ሲስተር የሺ ቢሮዬ መጡ፤ መነጽራቸው እጃቸው ላይ ነው።

«ዘነበችን አየሃት ትናንት?»

ዘነበች የሕፃናት ክፍሉ ነርስ ናት፣ ዝምተኛ። አላየኋትም አልኩ።

«አራት ላይ ሦስት ፍሬ አስቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ የዶክተርን ወረቀት አየች። መልሳ ለቀመችው።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። በማዕረግ ቅደም ተከተል ጠየቅኳችሁ። ትናንት የሰበሰብነው የአሥራ ሁለት ሰው ግምት አይደለም፣ ብሩክ። የአንድ ሰው ግምት ነው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ የተጻፈ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሯቸውን በነጠላ ሸፍነው እየዞሩ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ጠየቁ። አንዷን መድኃኒት ማደያው ጀርባ፣ አንዱን ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ዘነበችን ልብስ መቀየሪያ ክፍል። ለብቻው የተጠየቀ ሰው ሌላ ሰው ነው። ነርሶቹ ብዙዎቹ አራትና አምስት ላይ አስቀመጡ፤ ሕፃናቱ ሽሮፑን እንደሚያስመልሱት እነሱ ያውቃሉ፣ አንሶላ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። አንዳንዱ ከሁለት እስከ ዘጠኝ በተነ። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ወደ ግራ ተንሸራተዋል።

ወደ እኔ የመጡት በመጨረሻ ነው። ታክሲ ተራ ላይ አገኙኝና የአንድ ሱቅ መስኮት ደፍ ላይ ወረቀታቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አንተስ?»

ወረቀቱን አየሁ፣ ሽምብራውን አየሁ። ግቢው ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር አልኩ። «እኔማ ሲስተር፣ እንደ ዶክተር ነው የማስበው» አልኩ።

አልተቆጡኝም። ሽምብራውን አንድ በአንድ ለቅመው ወደ ቆርቆሮው መለሱ። «እንግዲያው የአንተን አልወስድም» አሉና ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጭረው አጣጥፈው ያዙት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፖስታው የሁለተኛውን ዙር ወረቀቶች ብቻ ይዞ ታሸገ። ዶክተር አምሃ እጥፋቱ ላይ ፈረመበት፣ ሳያነብ። ወረቀት ማንበብ የበታች ሥራ ይመስለዋል።

ፈተናው አልቆ ፖስታው ተከፈተ፣ ስሌቱ ተሠራ። የወጣው ነገር «ምናልባት ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ምናልባት ምንም» የሚል ነበር። እውነተኛ መልስ ነው፤ ጥቂት ልጆች ናቸው፣ ከዚህ በላይ ማለት አይቻልም። ዶክተር አምሃ በማግስቱ ወደ ቢሮው ጠራኝ፤ በሩን ዘጋው።

«የመጀመሪያው ዙር ወረቀት የታለ?»

«አለ፣ ግን ሲስተር...»

«ያም የባለሙያ ግምት ነው አይደል? እንዲያውም ቀዳሚ እሱ ነው። እሱን አስገባው። እኔና አንተ አንዋሽም፣ ያለውን ነው የምናስገባው።»

አስገባሁት። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስክሪኑ ላይ ውጤቱን የሚያሳየው ጉብታ ወደ ቀኝ ተንፏቀቀ፤ «ምናልባት» የነበረው «ይሠራል» ሆነ። አንድም ልጅ በተጨማሪ አልዳነም፣ አንድም ልጅ ከኦክስጅን ቀድሞ አልተላቀቀም። የተነቃነቀው የእኛ ሽምብራ ብቻ ነው።

ሲስተር የሺ ሪፖርቱን ያዩት ስብሰባ ላይ ነው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ ወለወሉት።

«ዶክተር፣ ይሄ ፖስታው ውስጥ የነበረው አይደለም።»

«ሲስተር፣ አታካብጂው። ሽምብራ እኮ ነው። ለሽምብራ ልንጣላ ነው?»

«በሽምብራው አይደለም የምጣላዎት። ሁለቱንም እናሳይ። በመጀመሪያው ዙር ይሄ ወጣ፣ በሁለተኛው ያ ወጣ ብለን እንጻፍ። አንባቢው ይፍረድ። እርስዎም አይዋረዱም፣ ሥራውም ይተርፋል።»

ከዚህ የበለጠ ጨዋ መውጫ ለማንም አይሰጥም። እሱ ግን ሳቀ። «አንባቢ ግራ ይጋባል» አለ። ያኔ ሲስተር ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ብሩክ፣ የትኛውን አስገባህ?»

አሥር ሰው ያየኛል። ጠረጴዛውን አየሁ። «ዶክተር ያሉኝን» አልኩ። ጥያቄው የትኛውን የሚል ነበር፤ እኔ ማን አዘዘኝ ለሚል ጥያቄ መለስኩ።

በወሩ ኮንትራታቸው አልታደሰም። ጠረጴዛቸውን ለማንሳት ሲመጡ ጥበቃው ከበር አላሳልፍም አላቸው፤ ዕቃቸውን ዘነበች በካርቶን አወጣችላቸው። ጥናቱን ለሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤት አሉ። ኮሚቴው የትኛው ዙር እንደገባ የዳታ ክፍሉ ያረጋግጥ ብሎ ለእኔ ደብዳቤ ላከ። እኔም በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም «የገባው የባለሙያዎች ግምት ነው» ብዬ መለስኩ። አንዲት ቃል ሐሰት የለባትም። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የምጠላው ነገር በዓለም ላይ የለም።

ሽሮፑ አካባቢያችን ያሉ ጤና ጣቢያዎች ገባ። አንድ ቀን ዘነበች ኮሪደር ላይ አቆመችኝና ስለ አንዲት እናት ነገረችኝ። ልጇን ሽሮፑን እያጠጣች ቤት አቆይታዋለች፤ «ይሠራል ተብሏል» ብላ። ያመጣችው ከንፈሩ ከጠቆረ በኋላ ነው። አልተረፈም። ከአንድ ልጅ ተነስቶ ድምዳሜ ላይ እንደማይደረስ ያስተማሩኝ ሲስተር የሺ ናቸው፤ ስለዚህ ሽሮፑ ገደለው አልልም። «ይሠራል» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ከእኔ ኪቦርድ ነው የመጣው።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ቁስቋም አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣሁም። ኩላሊታቸው መታመሙን ሰምቻለሁ። ሩቅ አይደለም። ፊታቸውን ማየት ነው የፈራሁት፤ ሲቆጡኝ ሳይሆን ሳይቆጡኝ ሲቀሩ።

ቀብራቸው በዚያው ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሳቸው» እያለ አነበበ። አንቱ ለመባል መሞት ነበረባቸው። «ከእኔ ጋር በመሆን ታላቁን የሳንባ ምች ጥናት ለፍሬ ያበቁ» ሲል ደሜ ፈላ። ጮኼ ላቋርጠው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ካህናቱን፣ የሚያለቅሱትን ዘመዶች አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ያንንም እንደ ልማዴ ይሉኝታ ብዬ ልጠራው እችላለሁ። ፍርሃት ነው።

ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ዘነበች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ከነጠላዋ ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮውን አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ለብሩክ ስጪው ብለውኛል።»

«ሌላ ያሉት ነገር የለም?»

«የለም። ከበድ ይላል፣ እንዳትጥለው።»

ቤቴ ገብቼ ከፈትኩት። ሽምብራው ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። አሥር ሳጥን፣ ሁሉም ባዶ። አናቱ ላይ ስሜና የዚያ የታክሲ ተራ ቀን። ከሥሩ በእርሳስ፣ በዚያ በተስተካከለ የነርስ ጽሕፈታቸው፣ «ገና አልተናገረም» ይላል። እንደ ዶክተር ነው የማስበው ያልኳቸውን እንደ መልስ አልቆጠሩትም ማለት ነው። ፈርቼ የተናገርኩትን ሰርዘው፣ ቦታውን ክፍት ትተውልኝ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አስቀምጠውታል።

ሃያ ፍሬ ቆጥሬ ሳጥኖቹ ላይ መደርደር ጀመርኩ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። የዚያን ጊዜም የማምነው ይኼን ነበር፤ ዘነበች ስታማርር እሰማ ነበራ። ሰባተኛው ፍሬ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። ልጆቹ ተመዝግበዋል፣ ውጤቱ ወጥቷል፤ ካየ በኋላማ ማን ያልገመተ አለ። ሽምብራውን ወደ ቆርቆሮው መለስኩ። ግምቴ ቀኑ አልፎበታል። ያልተመለሰው ሌላኛው፣ ስብሰባው ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው።

ሰኞ ጠዋት ለኮሚቴው የጻፍኩትን ገቢ አስደርጌ አንዱን ግልባጭ ለዶክተር አምሃ ወሰድኩለት። ይኼኛውን አነበበ፤ ሁለት ጊዜ።

«ብሩክ፣ ሴትዮዋ እኮ አርፈዋል። አሁን ለማን ብለህ ነው?»

«ሽሮፑ ዛሬም ጤና ጣቢያ እየተሰጠ ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረውና «ከቢሮዬ ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ደብዳቤው አጭር ነው፣ ማኅተም የለውም፣ የፈረምኩበት እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፤ «ያስገባሁት የመጀመሪያውን ዙር ነው፤ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»